እምቢ እያለች 96 ዓመት የኖረች ተዋናይ፦ ስለ ሲሲሊ ታይሰን የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ይሄ ጽሑፍ ለቴአትር ወዳጆች በቃል የተናገርኩት ነው። ንግግሩን በጽሑፍ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንዳወራሁት አስቀምጬዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ የተነሱትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው አስገብቻለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሌላ አንድ ነገር። 96 ዓመት የኖረችን ሴት አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ግን ብዙውን የማወራው ስለ ወጣትነቷና ስለ ጎልማሳነቷ ስለሆነ እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አክብሮቴ ከልብ መሆኑን እወቁልኝ።

በፀጉር ልጀምር።

ጊዜው 1950ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ቦታው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር። አንዲት ወጣት ተዋናይ በቀጥታ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አፍሪካዊት ሴት ሆና ልትሠራ ነው። ቃሉን ይዛዋለች፣ ልምምዱም አልቋል፣ ግን አንድ ነገር ከንክኗታል። ፀጉሯ የተተኮሰ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብቅ የምትል ጥቁር ሴት ፀጉሯን ሳትተኩስ አትወጣም፤ በካውያ ወይም በኬሚካል የተዘረጋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከግንባር ወደ ኋላ የተኛ ፀጉር ነው። እንግዲህ እቺ የምሠራት አፍሪካዊት ይሄን ፀጉር ከየት አመጣችው? ብላ ራሷን ጠየቀች።

ድራማው ከመተላለፉ በፊት ባለው ምሽት ሃርለም ውስጥ ወደ አንድ ፀጉር ቤት ገባች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ቁረጠው አለችው። ምን ያህል? እስከ ራስ ቅሉ ድረስ። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ እጠበው አለችው፤ ውሃ ሲነካው ካውያው የዘረጋው ፀጉር ተመልሶ ይጠቀለላላ። በማግሥቱ ራሷን በሻሽ ሸፍና ስቱዲዮ ደረሰች። ሻሹን ስታወርደው ዳይሬክተሩ ደስ አለው። በዚያ ቀን የአሜሪካ ሕዝብ ያየው የራሷን የተፈጥሮ ፀጉር ነበር።

ይቺ ሴት ሲሲሊ ታይሰን ናት።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በ1963፣ «ኢስት ሳይድ/ዌስት ሳይድ» በሚባል ተከታታይ ድራማ ላይ ቋሚ ሚና አገኘች። ዋናው ተዋናይ ጆርጅ ሲ. ስኮት ነው፤ እሷ የማኅበራዊ እርዳታ ቢሮ ጸሐፊ ሆና ትሠራለች። በማታው ሰዓት በሚታይ ኮስተር ያለ ድራማ ላይ በየሳምንቱ የምትመጣ ጥቁር ሴት በዚያን ጊዜ አልተለመደችም ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እሷ ናት። እዚያም ያቺን አጭር ፀጉሯን እንደያዘች ገባች። ከዚያ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። ከጻፉት መካከል ፀጉር ሠሪዎች ነበሩበት፤ ደንበኞቻችን እሷን እያዩ ፀጉራቸውን መተኮስ ተዉብን፣ ገበያችን ቀዘቀዘ ብለው አማረሩ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለዚያውም አነስ ባለ ሚና የምትታይ ሴት የፀጉር ቤቶችን ገበያ ስትነካ አስቡት። ድራማው አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ተቋረጠ። የደቡብ ግዛቶች ጣቢያዎች አንዳንዱን ክፍል አናሳይም ብለው ነበር። ፀጉሩ ግን ቀረ፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ትውልድ ጎፈሬ የትግል ምልክት ሲሆን እሷ ቀድማ እዚያ ነበረች።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሱ ማስረጃ ነው። ስለ ረጅም የትወና ዘመን ሲወራ ሁላችንም የምንቆጥረው የተሠራውን ነው። ስንት ፊልም፣ ስንት ቴአትር፣ ስንት ሽልማት። የሲሲሊን የሥራ ዘመን ግን ካልሠራችው ካልጀመራችሁ አይገባችሁም። ይቺ ሴት ወደ ሰባ ዓመት በሚጠጋ የሥራ ዘመኗ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብላ ጠብቃለች፤ ሥራ ሲመጣላት እምቢ ብላለች፤ እምቢታዋም ገንዘብና ዓመታት አስከፍሏታል።

ከቤቷ እንነሳ። የተወለደችው በታኅሣሥ 1924 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። አባትና እናቷ ካሪቢያን ካለችው ትንሿ የኔቪስ ደሴት የመጡ ስደተኞች ናቸው። አባቷ አናጢና ቀለም ቀቢ ነበር፤ እናቷ ሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። እናትየዋ ጸሎተኛ፣ በጣም ጥብቅ ሴት ናት። ሲኒማና ቴአትር ለእሷ የኃጢአት ቤት ነው። ልጆቿ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሲኒማ አይገቡም።

ልጅቷ አደገች፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ወለደች፣ ታይፕ ተማረችና የአሜሪካ ቀይ መስቀል ቢሮ ጸሐፊ ሆነች። አንድ ቀን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ለባልደረቦቿ እግዚአብሔር ዕድሜ ልኬን ታይፕ ስደበድብ እንድኖር አልፈጠረኝም አለች። ይሄን እሷ ራሷ በብዙ ቃለ መጠይቅ ላይ ተናግራዋለች። መጀመሪያ ሞዴል ሆነች፤ ከዚያ ትወናው መጣ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበረች። ለተዋናይ ይሄ ዘግይቶ መጀመር ነው፤ የያኔው ወኪሏም ዕድሜሽን ቀንሺ ብሏት ለብዙ ዓመት ጋዜጦች ከእውነተኛው አሥር ዓመት ገደማ ያነሰ ዕድሜ ሲጽፉላት ኖረዋል።

እናቷስ? ተዋናይ ልሆን ነው ስትላት ከቤቴ ውጪ አለቻት። አስወጣቻት። ለረጅም ጊዜም አልተነጋገሩም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ልጆች፣ ቤተሰባችሁ ቴአትር ምን ሥራ ነው ያላችሁ፣ ሐኪም ሁን መሐንዲስ ሁን የተባላችሁ፣ ይሄ ታሪክ ሳይነገራችሁ ይገባችኋል። የመጀመሪያው እምቢታዋ ለምትወዳት እናቷ ነበር። ከሁሉም የከበደውም እሱ ይመስለኛል።

በ1961 ከብሮድዌይ፣ ከኒው ዮርክ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ማለቴ ነው፣ ውጭ ባለች ትንሽ ቴአትር ቤት የፈረንሳዊው የዣን ዥኔ «ዘ ብላክስ» መድረክ ላይ ወጣ። የተዋናዮቹን ስም ስሙኝማ። ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ማያ አንጀሉ፣ ሮስኮ ሊ ብራውን፣ ሉዊስ ጎሴት ጁንየር፣ ሲሲሊ ታይሰን። ያኔ ሁሉም ገና ብዙ የማይታወቁ፣ ለቤት ኪራይ የሚጨነቁ ልጆች ናቸው። ቴአትሩ 1,408 ጊዜ ታየ። ስለ ጄምስ ኧርል ጆንስ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ስሙን ያዙልኝ።

ስለ ጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ ደግሞ አንዳንዶቻችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፣ ስለዚህ ቶሎ ላንሳውና ልለፍ። በ1967 የወጣው «ሶርሰረር» የተባለው አልበሙ ሽፋን ላይ ያለችው እሷ ናት። በ1981 ተጋቡ፣ አሥርቱ ዓመት ሳያልቅ ተለያዩ። የሥራዋን ታሪክ በትዳሯ በኩል የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አሁን ወደ 1972 እንሂድ፣ «ሳውንደር» ወደሚባለው ፊልም። ዳይሬክተሩ ማርቲን ሪት ነው። ታሪኩ ሉዊዚያና ውስጥ፣ በ1930ዎቹ፣ መሬቱ የራሱ ባልሆነ ጥቁር ገበሬ ቤት ውስጥ ይሆናል። የእኛ ሰው ሊገባው ይችላል፤ ጭሰኛ ናቸው፣ የሚያመርቱትን ለባለመሬቱ የሚያካፍሉ። አባትየው ለልጆቹ ሥጋ ሰርቆ ይታሰርና ወደ ጉልበት ሥራ ካምፕ ይላካል። እናቲቱ ርብቃ ከልጆቿ ጋር ሰብሉን ታነሳለች።

ሲሲሊ መጀመሪያ የተሰጣት ይሄ ሚና አልነበረም። የመምህርቷን ሥሪ ነው የተባለችው። ርብቃን ነው የምፈልገው አለች። ለርብቃ በጣም ወጣት ነሽ፣ በጣም ቆንጆ ነሽ አሏት። እሷ ግን አልለቀቀችም። እኔ እንደሚገባኝ አንድ ነገር አልታያቸውም። ቁንጅናን በሜካፕ መሸፈን ቀላል ነው፤ ትከሻ ላይ የተሸከምከውን ድካም ግን ሜካፕ አይሠራልህም።

ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ እዩልኝ። አባትየው ከእስር ይመለሳል። መንገዱ አቧራ ነው፣ ሰውየው ያነክሳል፣ ከሩቅ ሲታይ ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ውሻው መጮህ ይጀምራል። ርብቃ ቀና ትላለች፤ ትጠራጠራለች፤ ከዚያ ትሮጣለች። አሯሯጧን ተመልከቱ። በፊልም ላይ የምናየው የፍቅረኛ ሩጫ አይደለም። እጆቿ ከፊቷ ተዘርግተዋል፣ ሰውነቷ ወደ ፊት ሊወድቅ ምንም አልቀረውም፣ ውበት የሚባል ነገር ጨርሶ የለበትም። አንዲት ሴት ለአንድ ዓመት ሙሉ አምቃ የያዘችው ነገር እግሯ ላይ ሲፈታ ነው የምታዩት። ተማሪዎቼን ይሄን አሥር ጊዜ አሳይቻቸዋለሁ፣ እኔም በየጊዜው ጉሮሮዬ ይታነቃል።

በዚህ ሚና ለኦስካር ታጨች። በዚያው ዓመት ዳያና ሮስም ታጭታ ስለነበር፣ ሁለት ጥቁር ሴቶች በአንድ ጊዜ በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ቀረቡ። ከእነሱ በፊት በዚህ ዘርፍ የታጨች ጥቁር ሴት ዶሮቲ ዳንድሪጅ ብቻ ናት። ሽልማቱን ላይዛ ሚኔሊ ወሰደችው። በዚህ ዘርፍ ለማሸነፍ ጥቁር ሴቶች እስከ ሃሊ ቤሪ፣ እስከ 2002 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው።

ከሽልማቱ በላይ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ፊልሙን ለማስተዋወቅ ስትዞር የገጠማትን ነው፤ ይሄንንም ራሷ ደጋግማ ተርካዋለች። ከጋዜጠኞች ጋር በተደረገ ስብሰባ አንድ ነጭ ሰው ተነሳ። ፊልሙን ሳይ ለካ እኔ ውስጥ ትንሽ ጥላቻ አለ ብሎ ተናዘዘ። ምን ሆኖ? ትልቁ ልጅ አባቱን «አባዬ» ብሎ ሲጠራው መቀበል ከበደኝ አለ። ልጆች አሉህ? አለችው። አሉኝ። ምን ብለው ነው የሚጠሩህ? አባዬ አላት። ከዚያ በኋላ ራሱ ነገሩ ገባው።

እሷንም ያ ጥያቄ ቀየራት። ተዋናይ ብቻ ሆኜ መኖር ለእኔ ቅንጦት ነው፣ አልችለውም ብላ ወሰነች። ከዚያ ወዲያ ሰውን ሰው አድርጎ የማያሳይ ሥራ አልሠራም አለች። አስቡት፣ ያ ጊዜ ጥቁር ሰው የሚታይባቸው ፊልሞች በገፍ የሚሠሩበት ጊዜ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን የሴት ደላላ፣ ዕፅ አዘዋዋሪ፣ ሴተኛ አዳሪ ናቸው ታሪካቸው። ገንዘቡ እዚያ ነበር። ሥራውም እዚያ ነበር። እሷ ቤቷ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ ከመሃል የተቀመጠች አንዲት እህት ጥሩ ጥያቄ አነሳች። «ግን ሠራተኛ ሆና ሠርታለች እኮ፣ ‹ዘ ሄልፕ› ላይ አይቻታለሁ» አለችኝ። እውነት ነው። በ2011 በ«ዘ ሄልፕ» ኮንስታንቲን የምትባል አሮጊት የቤት ሠራተኛ ሆናለች፤ ከዚያ በፊትም በ1991 በ«ፍራይድ ግሪን ቶሜቶስ» ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ነበረች። የባርነት ዘመን ሰዎችንም ሠርታለች። እምቢታዋ ሥራቸውን በመናቅ አልነበረም። እናቷ እኮ ሰው ቤት ነው የሠራችው፤ እንዴት ትንቃለች? እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ እቺ የምሠራት ሴት ክብር አላት ወይ? የራሷ ሐሳብ፣ የራሷ ቤት፣ የራሷ ሐዘን አላት ወይስ ሰሃን አቀብላ ከበሩ ውጭ የምትጠፋ ናት? የምትጠፋ ከሆነች አልሠራም።

አሁን የምወደው ቦታ ደረስኩ። በጥር 1974 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን «የሚስ ጄን ፒትማን የሕይወት ታሪክ» የተባለውን ፊልም አሳየ። የኧርነስት ጄ. ጌይንስ ልቦለድ ነው። ጄን በባርነት ተወልዳ እስከ 1960ዎቹ የሲቪል መብት ትግል የኖረች ሴት ናት፤ በመጨረሻ 110 ዓመት ሞልቷታል። ከወጣትነቷ እስከ 110 ዓመቷ ያሉትን ጄኖች ሁሉ ሲሲሊ ናት የሠራቻቸው።

ሜካፑን የሠሩት ስታን ዊንስተንና ሪክ ቤከር ናቸው፤ ያኔ ወጣቶች ነበሩ፣ በኋላ የሆሊዉድ ስመ ጥር የሜካፕ ባለሙያዎች ሆኑ። የ110 ዓመቷን አሮጊት ለመሥራት ወደ ስድስት ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ ቀረጻ መግባት። እሷ ግን ከዚያ በፊት የራሷን ሥራ ጨርሳ ነበር። የአረጋውያን መኖሪያዎች እየሄደች ከአሮጊቶች ጋር ትቀመጥ ነበር። ምን ታያለች? እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ። ሲነሱ መጀመሪያ የትኛው የሰውነት ክፍላቸው እንደሚንቀሳቀስ። አንድ ሰው ሲያናግራቸው መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችውን ዝምታ። እኛ አገር እኮ ይሄን ለማየት ሩቅ መሄድ የለብንም፣ አያቶቻችን አብረውን ነው የኖሩት። አስተውለን ግን አናያቸውም።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ጄን የፍርድ ቤቱ ግቢ ትደርሳለች። የውሃ መጠጫ አለ፤ ለነጮች ብቻ ነው። ፖሊሶች ቆመዋል። ሕዝብ ቆሟል። 110 ዓመቷ አሮጊት ከዘራዋን ይዛ ወደ መጠጫው መራመድ ትጀምራለች። ካሜራው አይቸኩልም። ርቀቱ ምንም አይደለም፣ ጤነኛ ሰው በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ እሷ ግን አንድ እርምጃ፣ ከዘራ፣ አንድ እርምጃ፣ ከዘራ እያለች ትሄዳለች፤ እኛም ትወድቅ ይሆን፣ ይመቷት ይሆን እያልን አብረናት እንሄዳለን። ደረሰች። ጎንበስ አለች። ጠጣች። ቀና ብላ በመጣችበት ተመለሰች። አንድ ቃል አልተናገረችም።

በዚህ ሥራ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሁለት ጊዜ ወሰደች፤ ፊልሙ በጠቅላላው ዘጠኝ ወሰደ። በመሪ ተዋናይነት ኤሚ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲታይ ሮድ አይላንድ ግዛት ውስጥ፣ በድህነት በምትኖር ቤተሰብ ቤት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጣ ነበር። ቪዮላ ዴቪስ ትባላለች። እሷንም ያዙልኝ።

ይሄን ሁሉ ካሸነፈች በኋላ ሥራ የጎረፈላት ይመስላችኋል። አልጎረፈላትም። እርግጥ በ1977 «ሩትስ» የተባለው የባርነት ታሪክ ድራማ መጣ፤ የኩንታ ኪንቴን እናት ቢንታን ሠራች። የማርቲን ሉተር ኪንግን ባለቤት ኮሬታ ስኮት ኪንግን ሠራች፣ ባሪያዎችን እያስመለጠች ነፃ ታወጣ የነበረችውን ሃሪየት ተብማንን ሠራች፣ የቺካጎዋን መምህርት ማርቫ ኮሊንስን ሠራች። ዳንሰኛው አርተር ሚቼል ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ የሃርለምን የዳንስ ቴአትር ሲመሠርት ከመሥራቾቹ አንዷ እሷ ነበረች። በመካከሉ ግን ባዶ ዓመታት አሉ። በ1983 ብሮድዌይ ላይ አንድ ቴአትር ሠርታ ቶሎ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የብሮድዌይን መድረክ ለሠላሳ ዓመት አልረገጠችውም። ሠላሳ ዓመት! የእኛ አገር ተዋናይ እንዲህ ቢጠፋ ሞቷል ይባላል።

በ1985 ሲኒማ ቤት ገብታ ጄራልዲን ፔጅ የሠራችበትን «ዘ ትሪፕ ቱ ባውንቲፉል» አየች። የሆርተን ፉት ድርሰት ነው። በሂውስተን ጠባብ ቤት ከልጇና ከምራቷ ጋር የምትኖር፣ የተወለደችበትን መንደር ሳላይ አልሞትም ያለች አሮጊት ታሪክ። ሲሲሊ ከሲኒማው ወጥታ በቀጥታ ወኪሏ ቢሮ ሄደች። ለእኔም የራሴን «ባውንቲፉል» አምጣልኝ፣ ከዚያ ጡረታ እወጣለሁ አለችው።

ሃያ ስምንት ዓመት ጠበቀች። ፉት በ2009 ሞተ። ቴአትሩን ሥሪልን ብላ ሲሲሊን የጠየቀቻት የፉት ልጅ ሃሊ ፉት ናት። ከመጀመሪያው ለነጭ ቤተሰብ የተጻፈው ቴአትር ቃሉ ሳይቀየር በጥቁር ተዋናዮች ተሠራ፤ ልጇን ኩባ ጉዲንግ ጁንየር፣ ምራቷን ቫኔሳ ዊሊያምስ ሆኑ። በሚያዝያ 2013 ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ። ሲሲሊ 88 ዓመቷ ነው። በሳምንት ስምንት ጊዜ። አስቡት፣ ስምንት ጊዜ፣ ያንን ሁሉ ቃል ይዛ።

አሁን የምነግራችሁ በቴአትር ዓለም እምብዛም የማይሆን ነገር ነው። ቤት ውስጥ ምራቷ መዝሙር እንዳትዘምር ከልክላታለች። አሮጊቷ የጡረታ ቼኳን ደብቃ፣ ከቤት አምልጣ፣ አውቶቡስ ተራ ደርሳለች። ከአንዲት ወጣት ጋር ተቀምጣለች፣ ማንም የሚቆጣት የለም። ስለዚህ ትዘምራለች። «ብለስድ አሹራንስ» የሚባል፣ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው የቆየ መዝሙር ነው። ሲሲሊ ዘፈኑን ጀምራ ከመቀመጫዋ ስትነሳ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ከተመልካቹ ወገን አንድ ድምፅ ተቀበላት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ውድ ትኬት ገዝቶ ብሮድዌይ የገባ ሰው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው፣ እሁድ ጠዋት እንደሆነ ሁሉ ይዘምር ጀመር። አንድ ምሽት ብቻ አይደለም፤ ከምሽት ምሽት እንዲሁ ሆነ። ማንም ዘምሩ አላላቸውም። እኛ አገር አዝማሪ ሲጀምር ተቀባዩ ራሱ ይመጣል፤ እነዚያም እንደዚያ ነው የሆኑት። እናቷ ቴአትር የኃጢአት ቤት ነው ብላ ከቤት አስወጥታት ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ቴአትር ቤቱ ውስጥ የእናቷ ዓይነት መዝሙር ተዘመረ።

በሰኔ ወር ቶኒ የሚባለውን የብሮድዌይ ሽልማት አሸነፈች። መድረክ ላይ ወጥታ ስትናገር ሰዓቷ አለቀና ስክሪኑ ላይ «እባክሽ ጠቅልዪ» የሚል ምልክት መጣ። አየችው። ጠቅልዪ ይለኛል፣ እናንተም ያደረጋችሁልኝ እሱን ነው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በእቅፋችሁ ጠቀለላችሁኝ አለች። እኔ ይሄን የምወደው በአማርኛም ሳይበላሽ ስለሚመጣ ነው።

ጡረታ አልወጣችም። በ2015 እንደገና ብሮድዌይ፣ ሁለት አረጋውያን ካርታ እየተጫወቱ የሚጣሉበት «ዘ ጂን ጌም»። ሁለት ተዋናይ ብቻ ነው ያለው። ከእሷ ጋር ማን ነበር? ያዙልኝ ያልኳችሁ ጄምስ ኧርል ጆንስ። እሱ 84፣ እሷ 90። ከ«ዘ ብላክስ» 54 ዓመት በኋላ። እነዚያ ለቤት ኪራይ ይጨነቁ የነበሩ ልጆች።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ኦባማ በ2016 የፕሬዝዳንቱን የነፃነት ሜዳልያ አንገቷ ላይ አሰሩላት። በ2018 የክብር ኦስካር ተሰጣት፤ ጥቁር ሴት ይሄን ስትቀበል የመጀመሪያዋ ነበረች፣ 93 ዓመቷ። በኒው ጀርሲ፣ ኢስት ኦሬንጅ ከተማ፣ በስሟ የተሰየመ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ ስሟን ሰጥታ አልጠፋችም፣ እየሄደች ልጆቹን ታያቸው ነበር።

በፀጉር ስለጀመርኩ ወደ ፀጉር ልመለስ። በ2015 መጀመሪያ «ሃው ቱ ጌት አዌይ ዊዝ መርደር» የሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ቪዮላ ዴቪስ ጠበቃዋን አናሊስ ኪቲንግን ትሠራለች። ያቺ ሮድ አይላንድ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጠጠች ልጅ ማለት ነው። አናሊስ ሕይወቷ ተመሰቃቅሏል፤ እናቷ ልትጠይቃት ከሜምፊስ ትመጣለች። እናትየዋ ሲሲሊ ናት። እናት ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፣ ያቺ ትልቅ ሴት፣ ፍርድ ቤት የምታንቀጠቅጠው ጠበቃ አናሊስ፣ መሬት ላይ በእናቷ ጉልበቶች መካከል ትቀመጣለች። እናት ማበጠሪያ ይዛ ፀጉሯን ትከፍላለች፣ ታበጥራለች፣ ይነጋገራሉ። ዊግ የለም። ካውያ የለም። ማንኛችንም ሹሩባ ስንሠራ እናታችን ጉልበት ሥር እንደተቀመጥነው ነው። ሲነገር የማይችሉት ነገር እዚያ ላይ ይነገራል፤ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ይሆናል። እኔ ያን ክፍል ሳይ የማስበው ድራማውን አይደለም። ያኔ ሃርለም ውስጥ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቁረጠው ያለችውን ልጅ ነው።

በመጨረሻ አንድ አባት ከኋላ ወንበር «አሟሟቷስ?» ብለው ጠየቁኝ። የሕይወት ታሪኳን የጻፈችበት መጽሐፍ ጥር 26 ቀን 2021 ወጣ፤ መቅድሙን ቪዮላ ዴቪስ ጻፈችላት። ሲሲሊ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 28፣ አረፈች። 96 ዓመቷ ነበር። ጊዜው የኮቪድ ነው፤ ቀብር በጥቂት ሰው በሚፈጸምበት ወቅት፣ የካቲት 15 አስከሬኗ ሃርለም በሚገኘው ቤተ ክርስቲያኗ ለሕዝብ ስንብት ተቀመጠ። በዚያ ብርድ ሰው ማስክ አድርጎ፣ መንገድ ዳር ተሰልፎ ወረፋ ያዘ። ከአትላንታና ከሎስ አንጀለስ ድረስ የመጣ ነበረበት።

የቤተ ክርስቲያኑ ስም አቢሲኒያን ባፕቲስት ነው። አቢሲኒያን ማለት እኛ ነን። ራሱ ቤተ ክርስቲያኑ የሚናገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁር ምእመናን በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ለጥቁር በተመደበው ቦታ ተቀመጡ ተባሉ። ከመካከላቸው የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩበት። አንቀመጥም ብለው ተነስተው ወጡ፤ የራሳቸውን አቆሙ፣ ስሙንም በዚያች አገር ስም ጠሩት። ሲሲሊ ታይሰንን የተሰናበቷት እዚያ ነው።